መስታወቱ ሲያልበው

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ። ሳሪስ አቦ ለቅሶ ደርሰን በሃይሌ ጋርመንት በኩል ወደ ጀሞ እየተመለስን ነበር። እናቴ ከጎኔ፣ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከኋላ ተቀምጠዋል። ከድንኳኑ ወጥተን መኪናው ጋ እስክንደርስ ዝናቡ ገርፎን ስለነበር የሁላችንም ልብስ ርሷል፤ የእናቴ ጋቢማ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ገና ጉዞ ከመጀመራችን የፊት መስታወቱ ከታች ጀምሮ እየነጣ መጣ። በጎኔ ያለውን መስኮት ትንሽ ዝቅ ሳደርገው እናቴ «ኧረ ዝጋው ልጄ፣ እነዚህን ሕፃናት ብርድ ሊመታብን ነው» አለችኝ። ዘጋሁት። ከዚያ በእጅጌዬ መጥረግ ያዝኩ። ስጠርገው ለአፍታ ጠራ ይልና ተመልሶ ይነጣል። እጅጌዬ የነካው ቦታ ደግሞ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀርና ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት መንገዱ ሁሉ ብርሃን ብቻ ይሆንብኛል። ጥቁር ዣንጥላ የያዘ ሰው መንገዱን ሲያቋርጥ ያየሁት የመኪናዬ አፍንጫ ሊነካው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው። ፍሬኑ ያዘልኝ። ሰውየው ዣንጥላውን ገለል አድርጎ አየኝና ምንም ሳይናገር አለፈ። እናቴ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ቤት እስክንደርስ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ያን ቀን የዝናብ መጥረጊያው ይሠራ ነበር። ፍሬኑም፣ መብራቱም፣ ጎማውም ደህና ነበሩ። ያልሠራሁት እኔ ነኝ። መስታወቱን ያሳወረው ከውጭ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን የገዛ ትንፋሻችን መሆኑን፣ መፍትሔውም ከመሪው አጠገብ ባሉት ቁልፎች ላይ ተሥሎ እንደተቀመጠ አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ መካኒኮችን ስጠይቅ፣ የራሴን መኪና ስፈትሽ፣ ጓደኞቼ ሲነዱ ከጎናቸው ተቀምጬ ስመለከት፣ ለዓመታት መሪ የጨበጡ ሰዎች ሳይቀሩ እንደኔው በእጅጌያቸው እንደሚታገሉ አየሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ነው። አየር ውሃ ይሸከማል፤ የሚሸከመው ግን በሙቀቱ ልክ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መያዝ የሚችለው 9 ግራም ተኩል ገደማ ነው። የተረፈው ሸክም የት ይሄዳል? ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘው ነገር ላይ ይወርዳል። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ገላው የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው ከጠርሙሱ አልፈለቀም፤ ከክፍሉ አየር ነው የመጣው።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ቀን ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆንና ሲመሽ ወደ 10 ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ ከሚጥለው ዝናብም ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። እንግዲህ ከውጭ ቀዝቃዛ ዝናብ የሚያጥበው መስታወት፣ ከውስጥ ሞቅ ያለና ውሃ የጠገበ አየር አለ። ጠርሙሱ የመኪናው መስታወት ሆነ ማለት ነው።

ውሃውን የምንሰጠው ደግሞ እኛው ነን። አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በትንፋሹና በቆዳው በኩል በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ከጀርመን አደባባይ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ 12 ተሳፋሪ ጭኗል እንበል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሲጨመሩ 14 ሰው ነው። 14 ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይተነፍሳል። የሚኒባሱ የውስጥ ስፋት 7 ሜትር ኩብ ቢሆን ደግሞ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያ ሁሉ አየር መሸከም የሚችለው 120 ግራም ገደማ ብቻ ነው። መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ አየሩ ለመጥገብ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። በዚህ ላይ የራሰ ጃኬት፣ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠብ ዣንጥላ፣ የጫማ ጭቃ አለ። የፈለገ ጥሩ መጥረጊያ ቢገጠም ከውጭ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ አይጠቅምም።

ጉሙ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። መጥረጊያውን አንድ ጊዜ ብቻ ያስኪዱት። መስታወቱ ከጠራ ጉሙ ከውጭ ነው፤ ካልጠራ ከውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ከውጭ የሚይዝበት ጊዜም አለ፤ ቀዝቃዛ የኤሲ አየር መስታወቱን ሲያበርደውና የውጭው አየር እርጥበት ሲበዛበት። ያኔ መጥረጊያው ብቻውን ይበቃል፤ የአየሩን ቅዝቃዜ መቀነስም ይረዳል። ከተማችን ውስጥ በክረምት የሚያስቸግረን ግን በአብዛኛው የውስጡ ነው።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። በመሪው ቀኝ፣ ከሬዲዮው በታች ወይም በላይ፣ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ምልክቶች ይገኛሉ። አንደኛው እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ሥዕል ሆኖ በላዩ ሦስት የሚጥመለመሉ ቀስቶች ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህ የፊት መስታወት ነው። ሁለተኛው አራት ማዕዘን ሆኖ በላዩ ያው ሦስት ቀስቶች አሉት። ይህ የኋላ መስታወት ነው። ሦስተኛው ምልክት የመኪና ቅርጽ ሆኖ ውስጡ ተጠማዝዞ የሚመለስ ቀስት አለበት፤ የውስጡን አየር መልሶ መላልሶ የሚያዞር ማለት ነው።

የኛ ሰው ዋና ስህተት ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ጎተራ ወይም ቄራ ላይ መኪና ሲጨናነቅ ከፊታችን ያለው አሮጌ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ የሚተፋው የናፍጣ ጭስ አንገፍግፎን ይህን ቁልፍ እንጫናለን። ለጭሱ ትክክል ነው። ችግሩ ከተጫንን በኋላ መርሳታችን ነው፤ መስከረም ላይ የተዘጋ አየር ሰኔም ተዘግቶ ይገኛል። ዝናብ ሲጀምር የገዛ ትንፋሻችንን እንደገና እየሳብን፣ እንደገና መስታወቱ ላይ እየለጠፍን እንሄዳለን። ዝናብ ሲዘንብ የዚህ ቁልፍ መብራት መጥፋት አለበት፤ አየሩ ከውጭ ይግባ። የውጭው አየር ዝናብ እየዘነበ እንኳ ቀዝቃዛ ስለሆነ በውስጡ የያዘው የውሃ መጠን ከመኪናው አየር ያነሰ ነው። ገብቶ ሲሞቅ ደረቅ አየር ይሆንና የመስታወቱን ውሃ ይጠጣል።

ቀጥሎ ኤሲ። «አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ያልሰማ አሽከርካሪ የለም። ኤሲ የሚያበርድ ብቻ ሳይሆን የሚያደርቅም መሣሪያ ነው። አየሩ በመሣሪያው ውስጥ ባለው ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያልፍ ውሃውን እዚያ ይጥላል፤ ቆላ ወርዳችሁ ኤሲ ከፍታችሁ ስትቆሙ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ እሱ ነው። ስለዚህ ኤሲውንም ሙቀቱንም አንድ ላይ መክፈት ስህተት አይደለም። ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል፣ ደረቅና ሞቃት አየር መስታወቱ ላይ ሲነፋ ጉሙ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ይለቃል። በብዙ መኪኖች የፊት መስታወቱን ምልክት ስንመርጥ ኤሲው በራሱ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፤ እውነት ነው። ጉሙ ሲለቅ ማጥፋት ይቻላል።

በአጭሩ ሥራው ይህ ነው፦ የውጭ አየር ይክፈቱ፣ ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት ያዙሩ፣ ኤሲውን ያብሩ፣ ሙቀቱን ከፍ ያድርጉ፣ ማራገቢያውን ያፍጥኑ።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልጠራ መኪናው የሚነግርዎ ነገር አለ ማለት ነው። ኤሲው ጋዝ አልቆበት ይሆናል፤ «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» ተብሎ ለዓመታት የተረሳ ኤሲ ብዙ ነው። ወይም ማሞቂያው አይሞቅም ይሆናል። በኋላ የራሴን መኪና ስፈትሽ ያገኘሁትም ይህን ነበር። መኪናዬን ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ሞተሩ ሞቆ እንዳይቃጠል ሰግቶ ቴርሞስታቱን አስነቅሎት ኖሯል። ቴርሞስታት የሞተሩ ውሃ በቂ ሙቀት ሳይዝ ወደ ራዲያተር እንዳይሮጥ የሚያግድ ትንሽ በር ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ሁልጊዜ ይሽከረከራል፣ በክረምት ሞተሩ በወጉ አይሞቅም። የመኪናው ማሞቂያ የሚሞቀው ደግሞ በዚያው ውሃ ነው። ለብ ያለ ውሃ ለብ ያለ አየር ይሰጣል፤ ለብ ባለ አየር መስታወት አይደርቅም። አንዳንድ ጋራዦች ቴርሞስታቱን መንቀል እንደ መፍትሔ ይቆጥሩታል። እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሞተር ከመጠን በላይ የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱን ፈልጎ መጠገን ይገባል፤ ቴርሞስታቱን ማውጣት ግን ሞተሩንም ይጎዳል፣ ነዳጅም ያስበላል፣ በሐምሌ ምሽት ደግሞ ዓይን ይነሳል።

ሌላው የአየር ማጣሪያው ነው። በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ የሚገኝ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራ ወረቀት መሰል ነገር አለ። በጀሞና በለቡ የግንባታ አቧራ ውስጥ በጋውን ሲመላለስ የከረመ መኪና ማጣሪያው ሲወጣ አፈር ለብሶ ይገኛል። አፈር የለበሰ ማጣሪያ ንፋስ አያሳልፍም፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ መስታወቱ ጋ የሚደርሰው አየር ግን እፍ እንደማለት ነው። ሰኔ ሳይገባ ይለወጥ።

መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይገባበት አልቦ የሚያድር ከሆነ መኪናው ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ምንጣፉን ገልጠው በእጅዎ ይዳብሱት። ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ መጥረጊያው የሚያርፍበት ፍርግርግ ሥር የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ይጠራቀምና የውሃውን መውረጃ ይደፍናል፤ ዝናቡ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል። የበሩ ላስቲክ ያረጀ ከሆነም እንዲሁ። ጉሙ ቅባት ቅባት የሚል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሲጠርጉት የሚያጣብቅ ከሆነ ግን የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላልና መካኒክ ይየው፤ የሞተሩም ውሃ እየቀነሰ ነው ማለት ነው።

ኤሲም ማሞቂያም የሌለው መኪና የያዘ ሰው ያለው መፍትሔ መስኮት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብርድን መፍራታችን ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ እኔም ልጅ ይዤ መስኮት መክፈት ይከብደኛል። ነገር ግን መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም። ከፊት በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል፣ ከኋላ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ቢከፈት የውጭው አየር በአንዱ ሲገባ እርጥቡ አየር በሌላው እየተጎተተ ይወጣል። ክፍተቱ ከአናት ስለሆነ ንፋሱ የሚያልፈው ከጭንቅላት በላይ ነው። በመስኮቱ አናት ላይ የሚለጠፈው ጠቆር ያለ የፕላስቲክ ጥላ ካለ ደግሞ ዝናቡ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ለሚኒባስ ባለቤቶች ከምንም ጌጥ በፊት እሱን ቢገጥሙ እመክራለሁ። የራሰ ዣንጥላ በፌስታል ይታሰር፤ የራሰ ጃኬት ከዳሽቦርዱ ላይ ይነሳና ወደ ኋላ ሻንጣ ይሂድ።

የመስታወቱ ንጽሕናም ከምናስበው በላይ ለውጥ ያመጣል። በእጅ የተነካካ፣ የሲጋራ ጭስ የጠገበ፣ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በፀሐይ የሚተንን ቅባት የለበሰ መስታወት ጉም ቶሎ ይይዛል፤ የያዘው ጉምም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ብርሃን ይበትናል። ንጹሕ መስታወት ላይ ግን ውሃው ተዘርግቶ ስስ ሽፋን ይሆንና ያሳያል። ላቫጆ ስንወስድ ውጩ በደንብ ይታጠባል፣ ውስጡ ግን ወንበሩ በተጠረገበት በዚያው እርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። ይህ ቅባቱን ከወንበር ወደ መስታወት ማዛወር ነው። ቤት ውስጥ አንድ እጅ አቸቶ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር በጥብጠው በንጹሕ ጨርቅ ያሹት፤ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ወይም በአሮጌ ጋዜጣ ያድርቁት። ሶፍት አይሆንም፤ ብናኙን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። አቸቶንና በረኪናን ፈጽሞ አንድ ላይ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። አቸቶ ከሌለ ሁለት ጠብታ ላርጎ በብዙ ውሃ ይበቃል፤ በኋላ ግን በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት።

ከውጭ በኩል ያለው ጠላት የናፍጣ ጥላሸትና የበጋ አቧራ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት መስታወቱ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ይሠራል፤ ቀን ላይ አይታይም። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ መጥረጊያው ያንን ቅባት ከውሃው ጋር ይለውሰውና መስታወቱ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ መጥረጊያውን ያማርራል። መስታወቱን በሳሙናና በስፖንጅ በደንብ ማሸት ነው የሚሻለው።

መጥረጊያውም ቢሆን ዕድሜ አለው። የላስቲኩ ጠላት ዝናብ ሳይሆን ፀሐይ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ያይላል፤ ላስቲኩ ስምንት ወር ያለ ሥራ ሲጠበስ ከርሞ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ጥፍርዎን በጠርዙ ላይ ያሳልፉ፤ ከቆረፈደዎ ወይም ቁራጭ ከወጣ ጊዜው አልፏል። ሲሠራ ዓይን ፊት መስመር እየተወ የሚሄድ ከሆነም እንዲሁ። ስለዚህ መጥረጊያ የሚቀየረው ግንቦት ላይ ነው። ርዝመቱ በሾፌሩና በተሳፋሪው በኩል የሚለያይበት መኪና ስላለ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሰፈር ያለ መለዋወጫ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሁለቱንም ይለኩ። ደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያ ማስኬድ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ማሻሸት ነው፤ መስታወቱ ላይ የቀስት ቅርጽ ያለው ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱም ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ያበራል።

ይህ ዛሬ እንደ ቀላል የምናየው መሣሪያ የአንዲት ሴት ሐሳብ ነበር። አሜሪካዊቷ ሜሪ አንደርሰን ኒው ዮርክ ውስጥ በረዶ ሲጥል የትራም ሹፌር ለማየት ሲል መስታወቱን ከፍቶ በብርድ ሲነዳ አይታ፣ ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ነድፋ እ.ኤ.አ. በ1903 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝታበታለች። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን አልተቀበሏትም ነበር።

ውሃ የሚረጨውንም ጉድጓዳማ መንገድ አንርሳ። ሲኖትራክ በጎንዎ አልፎ የጭቃ ውሃ ሲያለብስዎ የሚያድንዎ ከሞተሩ አጠገብ ያለው የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ነው። ባዶ ሆኖ የሚከርም ማጠቢያ በጣም ብዙ ነው። በየሳምንቱ ይሙሉት። ውሃው እየተረጨ ካልሆነ የሚረጭበት ቀዳዳ በአፈር ተደፍኖ ይሆናልና በስፌት መርፌ ጫፍ ቀስ አድርገው ይክፈቱት።

ስፖኪዮ ላይ ስንመጣ የኛ ከተማ የራሷ ጣጣ አላት። ስፖኪዮ ይሰረቃል። ስለዚህ አንዱ በብረት ያስታጥቀዋል፣ አንዱ በቡሎን ያስቸነክረዋል፣ አንዱ የተሰረቀበትን በተቆረጠ ተራ መስታወት ይተካዋል። እያንዳንዱ በዝናብ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። የብረቱ ጠርዝ ውሃና ጭቃ ይይዛል። ተራው መስታወት ደግሞ ሁለት ነገር ያሳጣል፤ ፋብሪካው የሠራው የቀኝ ስፖኪዮ ትንሽ ጎበጥ ያለው ሰፋ አድርጎ እንዲያሳይ ነው፣ በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ከጀርባው ጠብታውን የሚያደርቅ ማሞቂያ ሽቦ አለው። ያ ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከኋላ መስታወቱ ማሞቂያ ጋር በአንድ ቁልፍ ነው፤ ያ አራት ማዕዘኑ ምልክት ማለት ነው። የእርስዎ መኪና እንዳለው ለማወቅ ዝናብ ሲዘንብ ይጫኑትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስፖኪዮው ላይ ያሉትን ጠብታዎች ይመልከቱ።

ማሞቂያ ከሌለው በበሩ ኪስ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ ይኑርዎ፤ ከመነሳትዎ በፊት ሁለቱንም ስፖኪዮ ያብሱ። ከዚያ አንድ ጠብታ ላርጎ ቀብተው በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ቢያሹት ውሃው ጠብታ ከመሆን ይልቅ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ውሃን ገፍተው የሚያንከባልሉ፣ በጠርሙስ የሚሸጡ ቅባቶችም አሉ፤ ለጎን መስኮት ጥሩ ናቸው። መዘንጋት የሌለበት ግን ስፖኪዮ የሚታየው በጎን መስኮቱ በኩል መሆኑ ነው። መስኮቱ ጠብታ ከለበሰ ስፖኪዮው ቢጠራም ትርፍ የለውም። መስኮቱን አንድ ጊዜ እስከ ታች አውርደው መልሰው ይዝጉት፤ ላስቲኩ ውሃውን ይገፈዋል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

የኋላ መስታወቱ ላይ የሚታዩት አግድም ስስ መስመሮች ጌጥ አይደሉም። የማሞቂያ ሽቦ ናቸው። እዚያ ላይ ስቲከር የለጠፈና በምላጭ የፋቀ፣ ወይም ያረጀ ጥቁር ላስቲክ በኃይል የላጠ ሰው መስመሩን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው መስመር ከዚያ በኋላ አያሞቅም። ከፊትም ቢሆን ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀቱ ከላይ ጥግ ላይ ይለጠፉ እንጂ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ተደርድረው ዓይን ፊት አይቆዩ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎች አሁን በየመንገዱ በዝተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሳይቀር ይታያሉ። እነዚህ መኪኖች የሞተር ሙቀት ስለሌላቸው ማሞቂያቸው የሚበላው ከባትሪው ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ማሞቂያ አጥፍቶ መንዳት ተመሳሳይ ችግር ውስጥ ይጥላል። ጠዋት ቻርጅ ላይ እንዳለ መስታወቱን ማሞቅና ከዚያ መነሳት ይሻላል። ባጃጅ ደግሞ ኤሲም ማሞቂያም የለውም። በጎኑ የሚንጠለጠለው ፕላስቲክ በጭረት ከደበዘዘ መቀየር አለበት፤ ሾፌሩ በጎን የሚመጣውን የሚያየው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በድንገት ምንም ካልታየ ምን ይደረግ? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። መስታወቱን በእጅ ለመጥረግ ሦስት ሰከንድ ቢወስድ 33 ሜትር ሳናይ ሄደናል ማለት ነው። በቀለበት መንገዱ ላይ በ60 ከሆነ 50 ሜትር ነው። ሐና ማርያምም ሆነ ለቡ አካባቢ በዚያ ርቀት ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አይጠፋም። ፍሬኑን በድንገት አይርገጡ፤ ከኋላዎ ያለውም ላያይ ይችላል። እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፣ መስኮቱን ያውርዱ፣ ፍሬቻ አሳይተው ወደ ቀኝ ይውጡና ይቁሙ። ሞተሩን ሳያጠፉ ንፋሱን መስታወቱ ላይ ከፍተው ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ሦስት ደቂቃ የሚያስቀረው ቀጠሮ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዝናብ ጊዜ ደግሞ እግረኛው ዣንጥላውን ወደ ፊቱ ዘንበል አድርጎ፣ ኩሬውን እየዘለለ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሶ ነው የሚሻገረው። እሱ እኛን አያይም፤ ማየት ያለብን እኛ ነን።

ተሳፋሪዎች ሆይ፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ክረምት ታክሲ ውስጥ ስትቀመጡ የፊት መስታወቱን ቀና ብላችሁ እዩት። ነጥቶ ካያችሁት ሹፌሩ መስኮት ሲከፍት አትቆጡት፤ እንዲያውም እናንተው አጠገባችሁ ያለውን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱለት። ልጅ የያዘች እናት ካለች ቦታ ቀይሩላት፣ ነጠላችሁን ደርቡላት። መስኮቱ ግን ይከፈት።